የሒሳብ ፕሮግራም ሲሳሳት ማን ያርመዋል?

ሲምፓይ ይባላል፤ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። እንደ ካልኩሌተር ቁጥር ብቻ ቀምሮ አይመልስም፤ ፊደሎቹን እንደያዘ ያባዛል፣ ያቃልላል፣ ኢንተግራል ይሠራል። የጀመረው ቼካዊው ኦንድሬይ ቼርቲክ ሲሆን የመጀመሪያ እትሙ በ2007 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ስህተት ያገኘ ሰው አርሞ ማቅረብ ይችላል። እኛንም ይጨምራል ወይ? አዎን፣ ሒሳቡን ካወቅን።

አስቸጋሪው ነገር ስህተቱ በእርግጥ ስህተት መሆኑን መለየቱ ነው። √ሀ² አቃልል ብንለው ሲምፓይ እንዳለ ይመልሰዋል። ጀማሪ «ይኼማ ሀ ነው፣ ፕሮግራሙ አያውቅም» ብሎ ለማረም ይነሣል። እስቲ ሀ = −3 ይሁን። ሀ² 9 ነው፤ √9 ደግሞ 3 እንጂ −3 አይደለም። ታዲያ መልሱ ፍጹም ዋጋ፣ |ሀ|፣ ነው እንበል? ይኸም ሀ ሪል ቁጥር ሲሆን ብቻ ነው። ሀ = √−1 ቢሆን፣ ሀ² −1 ይሆናል፤ ዳግም ዘሩም ያው ሀ ራሱ ነው፤ ፍጹም ዋጋው ግን 1 ነው። እንግዲህ ፕሮግራሙ ስለ ሀ ምንም ስላልተነገረው እንዳለ መተዉ ልክ ነው። ሪል ነው ካሉት |ሀ|፣ ከዜሮ በላይ ነው ካሉት ሀ ብሎ ይመልሳል። ያ ጀማሪ «እርማቱ» ቢያልፍለት ኖሮ በማያውቀው ሰው ስሌት ውስጥ እውነተኛ ስህተት ባስገባ ነበር። (እኛስ ይህንኑ በተማሪ ደብተር ላይ ስንቴ ራይት አድርገን አልፈናል?)

እውነተኛ ስህተት ሲገኝ፣ መጀመሪያ ስህተቱን የሚያሳይ አጭር ምሳሌ ይፈለጋል፤ ሃያ መስመር ከሆነ ሁለት እስኪቀር ይቀነሳል። ቀጥሎ ኮዱን ሳይነኩ መፈተኛ ይጻፋል፤ ይኸውም ትክክለኛው መልስ መገኘቱን የሚያጣራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። መፈተኛው በመጀመሪያ መውደቅ አለበት፤ ካለፈማ ስህተቱን አልያዘውም ማለት ነው። ከዚያ ኮዱ ይታረማል፣ መፈተኛው ያልፋል። የድሮዎቹ መፈተኛዎችም እንደገና ይሠራሉ፤ አንዱን ጥርስ ሲነቅሉ ሌላውን መነቅነቅ አለና። እርማቱ ሲላክ ነባር አባላት ይመረምሩታል፣ ይጠይቃሉ፣ አስተካክል ብለውም ይመልሱታል። ለሦስት መስመር ኮድ ይህ ሁሉ ጥያቄ ቢመጣ ቅር አይበላችሁ። መፈተኛው ከኮዱ ጋር እዚያው ይቀራል፤ ያ ስህተት ዳግመኛ ቢገባ ያጋልጠዋል።

መልመጃ፦ ሲምፓይ ምንም ካልተነገረው የ(ሀ × ለ)ን ሎጋሪዝም ወደ ሎጋሪዝም ሀ + ሎጋሪዝም ለ አይዘረዝረውም። ለምን? ሀ = −2፣ ለ = −3 አድርጋችሁ ሞክሩ።