በጥቅምት አንድ አጥንት፤ አጥንቱ ባይገኝስ?

(ስለ መጸው እራትና ስለ ቤት ቁጠባ የቀረበ ትምህርት)



አባቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላሉ። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በዚህ ብርድ ሰውነት ጠንከር ያለ ምግብ ይሻል ማለታቸው ነው። ተረቱ እውነት ነው። ጥያቄው አጥንቱ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ይህም ጽሑፍ የሚነሳው ከዚሁ ነው፤ አጥንት ባልተገኘበት ቤት የቤተሰብ እራት እንዴት ይሠራ?

«ይኼማ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ዓምድ ለማለፍ የተነሳ ወንድ ሠልጣኝ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ነገ ተመርቀን በየገጠሩ ስንመደብ ምድጃው ወንድና ሴት አይለይም። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ቦታ ያየሁት አንድ አዲስ መምህር ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙ በምግብ ቤት ዱቤ ያልቅ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቀው «ሽሮ እንኳ መሥራት አልችልም» አለኝ። አልሳቅሁበትም። እኔም አንድ ጊዜ እንደሱ ነበርኩና።

1. ወቅቱ ምን ይመስላል?

እንደሚታወቀው መጸው የሚባለው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ነው። ማሳው በአበባና በእሸት ያማረበት ወቅት ስለሆነ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ጥጋብ የገባ ይመስላል። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያለፈው ዓመት እህል በክረምቱ ተበልቶ ጎተራው ሊራቆት ደርሷል፤ አዲሱ ጤፍና ስንዴ ደግሞ ገና አልታጨደም፣ አልተወቃም። ስለዚህ ጥቅምት ዓይን የሚጠግብበት፣ ሆድ ግን የሚጠብቅበት ወር ነው ማለት ይቻላል።

በአንጻሩ በዚሁ ጊዜ ዱባ፣ ጎመን፣ ድንችና ቃሪያ ከጓሮም ሆነ ከገበያ እንደልብ ይገኛሉ። የመጸው እራት ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው፤ ያነሰውን እህል በበዛው አትክልት መደገፍ።

2. እኔ ያጠፋሁት

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በጥቅምት ወር እናቴ ወለደች። አባቴ እንደ ብዙ ያገራችን ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ነበር። ለአራሷ ጎረቤት ገንፎና አጥሚት ያመጣላታል፤ ለእኔና ለአራት ታናናሾቼ ግን እራት የሚሠራ ሰው አልነበረም። ከእኔ የምትከተለው እህቴ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ስለዚህ ወንድ ልጅ ማዕድ ቤት አይገባም ሲባል ያደግሁት እኔ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሽሮ ልሥራ ብዬ ዘይቱን ገና ከመጣዴ በፊት አፈሰስኩና ሽንኩርቱን አሳረርኩ። ቀጥዬ ውሃው ሲፈላ ሽሮውን ባንድ ጊዜ ገለበጥኩበት። ድብልብል ሆኖ ቁጭ አለ። ሲወፍር ውሃ ጨመርኩ፤ ሲቀጥን ሽሮ ጨመርኩ፤ እንደገና ወፈረ። ኧረ ምኑ ቅጡ! ለሦስት ቀን እንዲበቃ እናቴ የለካችውን ሽሮ ባንድ እራት ጨረስኩት። ያም ሆኖ በደንብ አልበሰለምና ሕፃናቱ ሌሊቱን ሆዳቸው ሲነፋ አደሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

በማግሥቱ እናቴ ከተኛችበት ጠርታ «ልጄ፣ አታፍርም ብዬህ ነው? ያልተማርከውን ከየት ታመጣዋለህ? በል ምጣድና ድስቱን እዚህ በሩ ጋ አምጣ፣ እያየሁ ልንገርህ» አለችኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ያኔ የተነገረኝ ነው። የቀረው እዚህ በትምህርት የጨመርኩት ነው።

3. ሽሮ ለስድስት ሰው

መለኪያው አንድ ዓይነት ይሁን፤ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። ሁለት ብርጭቆ ሽሮ ለሰባት ወይም ለስምንት ብርጭቆ ውሃ፣ መካከለኛ ሽንኩርት ሦስት ራስ፣ ዘይት ሦስት የሾርባ ማንኪያ።

ሀ) ሽንኩርቱ በደቃቁ ይከተፍና ያለ ዘይት በቀስታ እሳት ይቁላላ። ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ ጠቅ ማድረግ ነው። ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ከጠወለገ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ ጥቂት ዘይት ይበቃል።

ለ) ሽሮው ነጭ ከሆነ በርበሬ ይጨመርና አብሮ ይቁላላ። ምጥን ሽሮ ከሆነ በርበሬው ውስጡ ስላለ አያስፈልግም።

ሐ) ውሃው ገብቶ ሲፈላ ሽሮውን በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው ማማሰል። እጁ ያልለመደ ሰው ሽሮውን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ቢጨምር አይጓጉልበትም።

መ) እሳቱን ቀንሶ፣ ከድኖ፣ እያማሰሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ማንተክተክ። ሽሮ የሚወፍረው ሲበስል ነው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነበር፤ ገና ሳይበስል ቀጠነ ብዬ ዱቄት ጨመርኩ።

ሠ) ጨው በመጨረሻ። አዮዲን ያለው ጨው በእሳት ብዛት ጥቅሙ ስለሚቀንስ ከድስቱ መውረጃ ላይ ቢጨመር ይመረጣል። አዮዲን እንቅርትን እንደሚከላከል በሳይንስ ትምህርታችን ያየነው ነው።

4. ጓሮ የሚሰጠን

ዱባ፦ ልጦና ቆራርጦ እንደ ማንኛውም ወጥ በሽንኩርትና በበርበሬ መሥራት ነው። ራሱ ውሃ ስለሚያወጣ ብዙ ውሃ አይሻም። ቶሎ ስለሚበስል ማገዶ አይበላም። ቢጫው መልኩ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር እንዳለበት ያመለክታል፤ ይህም ዳፍንትን ይከላከላል። ጥቂት ዘይት ሲታከልበት ሰውነት በሚገባ ይወስደዋል። ፍሬውም አይጣል፤ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ተቆልቶ ይበላል።

ጎመን፦ መታጠብ ያለበት ከመከተፉ በፊት ነው። ከተከተፈ በኋላ ብናጥበው በውሃ የሚሟሙትን ቫይታሚኖች ከውሃው ጋር እንደፋለን። ቀቅሎ ውሃውን መድፋትም እንደዚያው ነው። ቃሪያ ጣል ቢደረግበት ወይም ሎሚ ቢጨመቅበት በጎመኑ ያለው ብረት ለሰውነት ይበልጥ ይጠቅማል። ምግብ እንደተበላ ወዲያው ሻይ ወይም ቡና መጠጣት ግን ይህንኑ ብረት ያባክነዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ይሻላል።

ድንች፦ ከነልጣጩ ተቀቅሎ በሚጥሚጣ ወይም በአዋዜ ቢበላ ለብርድ ሌሊት ጥሩ እራት ነው፤ እንጀራም ይቆጥባል። ፀሐይ አግኝቶት የአረንጓዴ መልክ የያዘው ክፍልና ቡቃያው ግን መርዝነት ስላላቸው ተቆርጠው ይጣሉ።

5. እህልና ጥራጥሬ ለምን አብረው?

ሥጋ በሌለበት ቤት ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን ከየት ይመጣል? መልሱ ከእህልና ከጥራጥሬ አንድነት ነው። ስንዴ፣ በቆሎና ገብስ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ይህንን በብዛት አላቸው። ጥራጥሬው የሚያንሰውን ደግሞ እህሉ ያሟላል። እናቶቻችን እንጀራን በሽሮ፣ ስንዴን ከባቄላ ጋር በንፍሮ ሲያቀርቡ ይህንኑ ማድረጋቸው ነው።

ንፍሮ ሲታሰብ ጥራጥሬውን ከዋዜማው መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። የተዘፈዘፈ ቶሎ ይበስላል። በተለይ ለእኛ ለደገኞች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የሚፈላው ውሃ ሙቀቱ ስለሚያንስ ባቄላው ከቆላው ይልቅ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። «እሳቱ ይበርታ» ብሎ እንጨት መማገድ ውሃውን ያተናል እንጂ ሙቀቱን አይጨምረውም። አንዴ ከፈላ እሳቱን መቀነስና ድስቱን መክደን ነው የሚያዋጣው።

የተረፈ እንጀራም አይጣል። ከሻገተ በኋላ ሳይሆን ገና ደህና ሳለ በፀሐይ ቢሰጣ ድርቆሽ ይሆናል፤ በኋላ በትንሽ ቁሌት ፍርፍር ይሆንና አንድ እራት ይሸፍናል።

6. ርካሽ ሁሉ ቁጠባ አይደለም

ያን ጥቅምት ሽሮው ካለቀ በኋላ አንዲት ጎረቤታችን አዝነውልኝ «የጓያ ሽሮና የጓያ ቂጣ ይርከስ እንጂ ያጠግባል፣ እሱን ግዛ» አሉኝ። ዋጋው በእርግጥ ቅናሽ ነበር። እናቴ ስትሰማ ግን አራስነቷን ረስታ ቀና አለች። «እትዬ፣ ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን፤ እኔ ግን ለልጆቼ አላደርገውም» አለቻቸው። በአያቴ አገር በዱላ ተደግፎ የሚሄድ ዘመድ ነበራት።

ጓያ ድርቅን የሚችል ሰብል በመሆኑ በችግር ዘመን ብዙ ሰው ይመገበዋል። ሆኖም በውስጡ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። አንድ ሰው ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግቡ ካደረገው እግሮቹ ሊገታተሩና ሊዝሉ ይችላሉ፤ ከያዘ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደላንታና ዳውንት ከድርቅ በኋላ ብዙ ሰው በዚሁ ተጎድቷል። ብዙዎች የሚጎዳው እንፋሎቱ ነው ይላሉ፤ ጉዳቱ ግን ከመብላት ነው። ከሁሉ የሚሻለው አለመመገብ ነው። ሌላ ምርጫ ከጠፋ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ቀቅሎ እንደገና መድፋት፣ ብቻውን ሳይሆን ከእህል ጋር ቀላቅሎ መጠቀም አደጋውን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው በተለይ ያሰጋል።

የሻገተ እህልና ኦቾሎኒም እንዲሁ ነው፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ቢታጠብም ቢበስልም አይጠፋም። ሦስተኛው የከሰል እሳት ነው። በመጸው ብርድ በሩን ዘግቶ ፍሙን ለሙቀት ይዞ መተኛት ሕይወት ያሳጣል። ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውምና ማንቂያ አይሰጥም። በአንድ ክፍል ቤት ለምንከራይ ሁሉ ይህ እንዳይረሳ አደራ።

7. የሳምንቱ እራት

ከላይ የተባለው ሲጠቃለል የአንድ ሳምንት እራት እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ዱባ ወጥ፣ ረቡዕ ምስር ክክ ከጎመን ጋር፣ ሐሙስ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ ዓርብ ሽሮ፣ ቅዳሜ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ እሑድ ፍርፍር፣ እንቁላል ከተገኘ ከእሱ ጋር። ከእሑድ በቀር ሁሉም ለጾም ይሆናል።

እኛ ቤት በዚያ ጥቅምት የበላነው ይህንኑ ነበር። አባቴ በኅዳር ሲመለስ ልጆቹ ሁሉ በጤና ጠበቁት፤ እህቴም ከትምህርቷ አንድ ቀን አልቀረችም። ለካ ማታ በልቶ ያደረ ልጅ ነው ጠዋት ሰሌዳውን በንቃት የሚያየው። ነገ ከፊታችን የሚቀመጡት ተማሪዎችም እንዲሁ ናቸው። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ስናይ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት «ማታ ምን በላህ?» ብለን ቀስ አድርገን ብንጠይቀው ጥሩ ነው።

አጥንቱ ሲገኝ እሰየው። ባይገኝስ? አባቶቻችን ለዚህም ቃል አላቸው፤ «ጎመን በጤና»።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ሽንኩርት ከዘይት በፊት ለምን ይቁላላል?
2. ጎመን ከተከተፈ በኋላ ቢታጠብ ምን ይጠፋል?
3. በደጋ ባቄላ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስድበት ምክንያት ምንድን ነው? ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ እንዴት ታስረዳለህ፣ እንዴት ታስረጃለሽ?
4. እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ ለሌላው ምን ያሟላል?
5. በተወለድክበት ወይም በተወለድሽበት አካባቢ በጥቅምት የሚዘወተር ርካሽ እራት ምንድን ነው? አሠራሩን ጽፋችሁ ለቀጣዩ የግድግዳ ጋዜጣ አምጡልን።