ከቆራሌው እስከ ቆሼ፦ የአዲስ አበባ የቁሳቁስ ፍሰት

የከተማ የቁሳቁስ ፍሰት ጥናት ወደ ከተማ የሚገባውን፣ በውስጧ የሚከማቸውንና የሚወጣውን ቁስ በክብደት ያነጻጽራል። በአዲስ አበባ ግን ሚዛኑ በቆሼ የቆሻሻ መድፊያ ላይ ብቻ ከቆመ ስሌቱ ይጎድላል። ቆራሌው ከየቤቱ የሚገዛው ብረት፣ ጠርሙስና ፕላስቲክ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያመራል፤ በዚያም ያገለገለ በርሜል ምድጃ ሆኖ ወደ ቤት ይመለሳል። ይህ ዝውውር በመድፊያው መዝገብ አይታይም።

በአንጻሩ ቆራሌው የማይገዛው እርጥብ የምግብና የአትክልት ትራፊ አብዛኛውን የቆሻሻ ክብደት ይይዛል። እርጥበቱ ከማቃጠል የሚገኘውን ኃይል ይቀንሳል፤ ተከምሮ ሲበሰብስም ሚቴን ያመነጫል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች መሞታቸው የክምሩ መጠን የሕይወት ጉዳይ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የቁሳቁስ አጠቃቀም ዕቅድ የቆራሌውን ድርሻ መመዝገብ፣ እርጥቡንም ትራፊ ከየቤቱ ለይቶ ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ መለወጥ ይኖርበታል።