የዋርካ ማማና የጤዛ ስሌት፦ ንድፍ ከተፈጥሮ ሳይንስ ጋር በዶርዜ

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በጋሞ ደጋ ላይ በምትገኘው ዶርዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ማማ ተተከለ። ማማው ጡብም ሲሚንቶም የለውም። ተሰንጥቆ የተጠላለፈ ቀርከሃ፣ በውስጡ የተንጠለጠለ መረብ፣ ከሥሩ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ በዙሪያው ደግሞ ጥላ የሚሰጥ ክዳን ነው። ነዳፊው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ቪቶሪ ስሙን የወሰደው ከዋርካ ዛፍ ሲሆን፣ ሐሳቡም የመጣው ሰዎች በዋርካ ጥላ ሥር ተሰብስበው ከሚመክሩበት ልማድ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 በቬኒስ የሥነ ሕንፃ ዐውደ ርእይ ላይ ቀርቧል፤ በ2016ም ለማኅበራዊ ፋይዳ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የንድፍ ሽልማት አግኝቷል። የተነገረለት ዒላማ በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ ከአየር ማግኘት ነው።

ፎቶግራፉ ዓለምን የዞረው ከዚህ ቁጥር ጋር አብሮ ነው። ሆኖም ቁጥሩ ከየት እንደሚመነጭ በዝርዝር ሲጠየቅ እምብዛም አይሰማም። ውሃው ከሦስት ምንጮች ሊመጣ ይችላል፦ ከዝናብ፣ ከጭጋግና ከጤዛ። ሦስቱ በአንድ ማጠራቀሚያ ቢቀላቀሉም የሚገዟቸው ሕጎች የተለያዩ ናቸው።

በብዛት የሚወራለት ጤዛ ከሦስቱ ደካማው ነው። ጥርት ባለ ሌሊት አንድ ገጽ ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ከአካባቢው አየር ይልቅ ሲቀዘቅዝም በአየሩ ውስጥ ያለው ተን በላዩ ላይ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። በዚህ መንገድ ከአንድ ካሬ ሜትር የሚወጣው ሙቀት ከ100 ዋት ብዙም አይበልጥም። በ10 ሰዓት ሌሊት ይህ 3.6 ሜጋ ጁል ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ከተንነት ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ 2.5 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ስለሚለቅ፣ አየሩ አንዳች ሙቀት መልሶ ባይሰጥ እንኳ ከአንድ ካሬ ሜትር የሚገኘው ከአንድ ሊትር ተኩል አያልፍም። አየሩ ግን ሙቀት መስጠቱ አይቀርም፤ ስለዚህ በተግባር በጣም ጥሩ የሚባለው ሌሊት 0.8 ሊትር ያህል ነው። 100 ሊትር ከጤዛ ብቻ ለማግኘት ፊቱን ወደ ሰማይ የዘረጋ ከ120 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ ያስፈልጋል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ መረብ ደግሞ የሰማዩን ግማሽ ብቻ ያያል።

ጭጋግ የተሻለ ተስፋ አለው፤ ምክንያቱም ውሃው አስቀድሞ ጠብታ ሆኗልና ማቀዝቀዝ አያስፈልገውም፤ መረቡ ነፋስ ያመጣለትን መያዝ ብቻ ይበቃዋል። በሰሜን ቺሊ ከቹንጉንጎ የዓሣ አጥማጆች መንደር በላይ ባለው የኤል ቶፎ ተራራ ላይ የተተከሉት እያንዳንዳቸው 48 ካሬ ሜትር የሆኑ መረቦች በአማካይ በቀን ከካሬ ሜትር 3 ሊትር ያህል ሰብስበዋል። በዚህ ልክ ከተሄደ ለ100 ሊትር ነፋስ ፊት ለፊት የሚያገኘው 33 ካሬ ሜትር መረብ ይበቃል፤ ይኸውም 10 ሜትር ከፍታና ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ላለው ማማ የማይደረስበት አይደለም። እንግዲህ የዋርካው ተስፋ ባዶ አይደለም፤ ነገር ግን የተስፋው ባለቤት ጭጋጉ እንጂ ጤዛው አይደለም። የጭጋጉን መጠን የሚወስነውም ቦታው ነው። ውሃ እጅግ የጠፋበት ቆላ አየሩ ደረቅ ስለሆነ፣ የደጋው ማማ ሳይለወጥ ወደዚያ ቢወርድ ከዝናብ ቀናት ውጭ ብዙ አይጠበቅበትም።

ቹንጉንጎ ሌላም ነገር ያስተምራል። መረቦቹ በሳይንቲስቶች ጥንቃቄ የተለኩ ነበሩ፤ መንደሩም ከ1992 ጀምሮ የጭጋግ ውሃ በቧንቧ ጠጥቷል። ይሁን እንጂ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ሥራው ቆመ። የመንደሩ ሕዝብ በዛ፤ በነፋስ የተቀደዱትን መረቦች የሚጠግን ጠፋ፤ ነዋሪውም እንደ ከተማ ሰው የተለመደውን የቧንቧ ውሃ ፈለገ። ሥራው ልኬት አልጎደለውም፤ የእኔ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ነበር ያጣው። ከዚህ አንጻር ቪቶሪ ጥላንና መሰብሰቢያን ከውሃው ጋር አብሮ መንደፉ ለጌጥ ብቻ የተደረገ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የማማው ነዳፊዎች ከተፈጥሮ ቀሰምናቸው ከሚሏቸው ምሳሌዎች አንዷ የናሚብ በረሃ ጥንዚዛ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት የጥንዚዛዋ ጀርባ ውሃ በሚስቡ ጉብታዎችና ውሃ በሚገፉ ስርጉድ ቦታዎች የተሞላ በመሆኑ ጭጋግ እንደሚይዝ ገልጾ ነበር። ንድፍ ቤቶች ሐሳቡን ወዲያው ተቀበሉት። በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ግን የተለያዩ ዝርያዎችን በጭጋግ ክፍል ፈትሾ፣ የጀርባው ገጽ ይህን ያህል ልዩነት እንደማያመጣ አገኘ፤ ወሳኙ ጭንቅላትን ወደ ታች ዘቅዝቆ ከነፋሱ ፊት የመቆም ልማድ ነበር። የመጀመሪያው ምስል ግን ዛሬም በንድፍ ትምህርት ውስጥ ሳይታረም ይዘዋወራል። ተፈጥሮን መምህር ማድረግ የሚሻ ነዳፊ የጥናቱን ሁለተኛ ምዕራፍ ማንበብ ይጠበቅበታል።

ለዶርዜው ማማ ቅርብ የሆነው መምህር ጥንዚዛዋ ሳትሆን የዶርዜ ቤት ሳይሆን አይቀርም። የደጋ ቀርከሃ ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት የሚሸመነው ይህ ቤት በአዲስነቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፤ ቤቱም ከዓመት ዓመት እያጠረ ያገለግላል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። መበላሸቱ ከመጀመሪያው የታሰበበት ነው። በማማው ላይ ግን ቀርከሃውን የአገሬው ሰው ሊጠግነው ሲችል፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው መረብ ሲቀደድ ምትኩ ከሩቅ ይመጣል።

ሌላ ተመሳሳይ ማማ ከመቆሙ በፊት ርካሽ የሆነ ፈተና አለ። ለጭጋግ ልኬት በ1994 የቀረበው መደበኛ መሣሪያ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ባለ መረብ ማዕቀፍ ሲሆን፣ ታችኛው ጠርዙ ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ነፋሱ ይዞራል። ማዕቀፉን የዶርዜ ሸማኔ ከቀርከሃ ሊሠራው ይችላል። ከጎኑ የዝናብ መለኪያ ቆሞ የአንድ ዓመት መዝገብ ቢያዝ ከዝናብ የተገኘው መረቡ ከጭጋግና ከጤዛ ከሰበሰበው በየወሩ ተለይቶ ይታወቃል። ከሁሉ በላይ ሊነበቡ የሚገባቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ገጾች ናቸው፤ ዝናቡ የሚርቀውና እንስራ ተሸካሚዋ መንገዷ የሚረዝመው በእነዚያ ወራት ነውና።