ሐዋላ በሁለት መንገድ፦ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ገንዘብ

በአማርኛ «ሐዋላ» የሚለው ቃል ለባንኩም ለደላላውም መንገድ ያገለግላል፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። በባንክ የተላከ ሪያል ወይም ድርሃም የውጭ ምንዛሪ ሆኖ ወደ አገር ይገባል። በኢመደበኛው መንገድ ግን ምንዛሪው እዚያው ይቀርና አብዛኛውን ጊዜ የአስመጪዎች ዕቃ ይገዛበታል፤ ለቤተሰብ የሚደርሰው እዚሁ የነበረ ብር ነው።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት፣ በሁለቱ ተመኖች መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ላኪውን ወደ ኢመደበኛው ይስብ ነበር። ይሁንና ልዩነቱ ቢጠብም እንኳ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት የቤት ሠራተኛ በባንክ መስተናገድ ያዳግታታል። ደላላው ሰነድ አይጠይቃትም፤ ገንዘቧ ቢጠፋ ግን የምትከስበት ደረሰኝ የላትም። ስለሆነም የተመን ማሻሻያ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሰነድ ጉዳይም አብሮ ሊታይ ይገባል።