ከሙሽሮቹ ጋር የተጠሩ ሕፃናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን ከአንዲት እናት ጥያቄ ይነሣል። ታናሽ እኅቷ በሥርዓተ ተክሊል ልታገባ ነው። የሁለት ዓመት ልጇ አበባ በታኝ ተብላ ተመርጣለች፤ ቀሚሷ ተሰፍቷል፣ ጫማዋ ተገዝቷል፣ ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ መራመድ ትለማመዳለች። እናቲቱን ያሳሰባት ግን ሌላ ነው። «መምህር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብታለቅስስ? ጸሎቱ እስኪያልቅ ቤት ትቆይና አዳራሽ ብትመጣ አይሻልም?» አለችኝ።

እናቲቱ ለልጇ ያሰበችላት ቦታ አዳራሹ ነበር። እስቲ ቤተ ክርስቲያንስ የት ታስቀምጣታለች የሚለውን ቀስ ብለን እንመልከት።

በትንቢተ ኢዩኤል ምዕራፍ 2 ቁጥር 16 ላይ ነቢዩ ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰበሰብ ያዛል። እነማን እንደሚመጡ ሲቆጥር ሽማግሌዎችን ይጠራል፤ ቀጥሎ ሕፃናትንና ገና ጡት ያልጣሉትን ይጠራል፤ ወዲያው ደግሞ ሙሽራውና ሙሽሪት ከጫጉላቸው እንዲወጡ ይናገራል። ሕፃንና ሙሽራ በአንድ ቁጥር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልብ በሉ፣ ጥሪው የጾምና የልቅሶ ጥሪ ነው። በሕጉ አዲስ ሙሽራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዘመቻ ነፃ ነው (ዘዳ. 24፥5)። ሕፃኑስ ስለ ጾም ምን ያውቃል? ከጥሪው ይቀራሉ ብለን የምንገምታቸው እነዚህ ሁለቱ ነበሩ፤ ነቢዩ ግን ሁለቱንም በስም ጠራ። እነርሱ የቀሩበት ጉባኤ ጎደሎ ነውና። በልቅሶው ቀን ያልተተወች ሕፃን በሠርጉ ቀን እንዴት ትተዋለች?

በእኛ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ዕለቱን በቅብዐ ሜሮን ትታተማለች፣ ዕለቱን ሥጋውንና ደሙን ትቀበላለች። አንዱን ምሥጢር ዛሬ፣ ሌላውን ነፍስ ስታውቅ አይባልም። ጌታችን ሥጋዬን ያልበላ፣ ደሜንም ያልጠጣ ሕይወት የለውም ብሎ ሲያስተምር (ዮሐ. 6፥53) የዕድሜ ገደብ አላበጀም። በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ጎረቤቶቻችሁ በዚህ ሲደነቁ አይታችሁ ይሆናል። የላቲኑን ሥርዓት የሚከተሉት ካቶሊካውያን ልጁ ማገናዘብ እስኪጀምር ይጠብቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ሊቀ ጳጳሳቸው ፒዮስ 10ኛ ዕድሜውን ወደ 7 ዓመት ገደማ ዝቅ ያደረጉት እንኳ በዘመኑ ትልቅ ለውጥ ነበር። እኛ ጋ የ80 ቀን ልጅ ቆራቢ ናት።

«የምትቀበለውን ሳታውቅ?» የሚል አይጠፋም። ስትጠመቅም አላወቀችም፤ የክርስትና እናቷ ናት ስለ እርሷ ሰይጣንን የካደችው፣ ሃይማኖትንም የመሰከረችው። ጡት ስትጠባም ወተት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ወተቱ ግን ያሳድጋታል። ለነገሩ እኛ አዋቂዎቹ የምንቀበለውን አውቀን የጨረስን ይመስል! ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ለሰማዕትነት ሲቀርብ የ3 ዓመት ልጅ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 19 ቀን ስታከብረው የእናቱ ጭማሪ አድርጋ አይደለም።

አሁን ወደ ሠርጉ እንምጣ። ሥርዓተ ተክሊል ብቻውን የቆመ ሥነ ሥርዓት አይደለም። ቀለበቱ፣ ልብሱ፣ ቅብዐ ቅዱሱ፣ አክሊሉ እየተጸለየበት ለሙሽሮቹ ከተሰጠ በኋላ ቅዳሴው ይቀጥላል፤ ሙሽሮቹም በቅዳሴው ፍጻሜ ቆርበው አንድ ይሆናሉ። የሠርጉ ዋና ማዕድ ይህ ነው፤ የአዳራሹ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እንግዲህ ያቺ የሁለት ዓመት ልጅ የአክስቷን ሠርግ የምትካፈለው የት ነው ቢሉ፣ በመጀመሪያ እዚሁ ነው፤ ከአክስቷ ጋር ከአንድ መሥዋዕት በመቀበል። እናቷ ልታስቀራት ያሰበችው ልጇ ሙሉ ድርሻ ካላት ቦታ ነበር።

አበባ መበተኑስ? ኃጢአት ነው አልልም። ከሌሎች የተወረሰ ልማድ ነው፤ ልጅ ያምርበታል፣ ዘመድም ይደሰታል፣ በአዳራሹ ይሁን። በቤተ መቅደስ ግን አበባው ምንጣፍ ከማቆሸሽ ያለፈ ሥራ የለውም። ቀለበት ያዥ የሚባለውም ልጅ እዚያ ሲደርስ ሥራ ያጣል፤ ቀለበቱን ጸልየውበት የሚሰጡት ካህኑ ናቸው። ስንት ሱቅ የተዞረለት ያ አዲስ ጫማም ቢሆን በር ላይ ወልቆ ይቀራል።

ከዚህ ይልቅ ልጅቷን ልናዘጋጃት የሚገባው ለሌላ ነገር ነው። ዲያቆኑ በዕርፈ መስቀል ደሙን ሊያቀብላት ሲል ጥርሷን ግጥም አድርጋ የምትዘጋ ልጅ አይታችሁ አታውቁም? እናት ታባብላለች፣ ልጅ ፊቷን ታዞራለች፣ ከኋላ ሰልፍ አለ። ሳሎን ውስጥ አረማመድ የምናለማምዳትን ያህል በየጠዋቱ ጠበል ስናጠጣት «አፍሽን ክፈቺ፣ አሜን በዪ» ብንላት ኖሮ አትደነግጥም ነበር። ከሠርጉ በፊት ካሉት ቅዳሴዎች በአንዱ ብትቆርብ ደግሞ በሠርጉ ዕለት እንግዳ አይሆንባትም።

ሌላው ጉዳይ ከረሜላ ነው። አትሳቁ፣ ብዙ ሕፃናት በሠርግ ዕለት ሳይቆርቡ የሚቀሩት በዚህ ነው። ቅዳሴው ገና ሳይነጋ ይገባል፣ ልጅቷ እንቅልፏን አልጠገበችም፣ ትነጫነጫለች። አጠገቧ የቆመች ደግ አክስት «ዝም እንድትል» ብላ ከቦርሳዋ ብስኩት ታወጣለች። አለቀ። ልጅቷ ዝም አለች፤ ቁርባኑም ቀረባት። አዋቂ ለመቁረብ 18 ሰዓት ይጾማል፤ ሕፃን ግን እንዲህ አይጠበቅባትም፤ እንደ እርሷ ላለች ልጅ ስንት ሰዓት እንደሚበቃ የንስሐ አባታችሁ ይነግሯችኋል። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ መምጣት እንዳለባት ግን የታወቀ ነው። ስለዚህ ማን እንደሚያቅፋት ከዋዜማው ይወሰን። እናት በዚያ ቀን የማትገባበት ምክንያት ካላት አባቷ ወይም የክርስትና እናቷ ትያዛት። ከቆረበች በኋላ አፏ በነጠላ ይሸፈን፣ ጠበል ትጠጣ፣ እንዳትተፋ ትጠበቅ። ምሳ ከበላች በኋላም አጎቶች ወደ ላይ እየወረወሩ አያጫውቷት፤ እንድታስመልስ አንፈልግም። ማታ ሁለት ወንበር ገጥማችሁ ጋቢ አልብሳችሁ ከምታስተኟት ደግሞ በጊዜ ወደ ቤት ውሰዷት።

ካለቀሰችስ? ይዛችኋት ወደ ደጀ ሰላሙ ውጡ፣ አባብሏት፣ ተመለሱ። ጌታችን እጁን የጫነባቸውን ልጆች ዝም ስላሉ አላቀፋቸውም፤ እንዲያውም ደቀ መዛሙርቱ የተቆጡት ሁከቱ አስቸግሯቸው ሳይሆን አይቀርም (ማር. 10፥13-16)።

ልጅ የምትማረው ባየችው ነው። ጌታችን በገበያ ተቀምጠው የሠርግና የልቅሶ ጨዋታ ስለሚጫወቱ ልጆች ተናግሯል (ማቴ. 11፥16-17)፤ የእኛዎቹም እቃቃ ሲጫወቱ «ሙሽራ ሙሽራ» ይላሉ። ቅዱስ አትናቴዎስ በልጅነቱ በእስክንድርያ ከእኩዮቹ ጋር ማጥመቅ ሲጫወት ሊቀ ጳጳሳቱ እለእስክንድሮስ አይተውት እንደነበር ይተረካል። ያ ልጅ ያንን ጨዋታ ከየት አመጣው? ሲደረግ አይቷል። የእናንተም ልጅ ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ነጠላ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ስትጫወት አስተውሏት፤ የተጫወተችው ያየችውን ነው። አክሊሉን አይታ «አክስቴ ንግሥት ናት?» ብላ ከጠየቀች አዎ በሏት። መልሱ ትክክል ነው፤ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ ለሁለት ዓመት ልጅ አይገኝም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ላንሣ። በሽማግሌ ወይም በማዘጋጃ ቤት ተጋብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ከዓመታት በኋላ ንስሐ ገብተው በቁርባን ለመወሰን የሚመጡ ባልና ሚስት አሉ። ተክሊል ለደናግል ስለሆነ ለእነርሱ የሚደረገው ጸሎት ሌላ ነው፤ ማዕዱ ግን ያው ነው። ከእነዚህ መካከል በዕለቱ ልጃቸውን አያት ቤት የሚያስቀምጡ አሉ፤ ሰው እንዳያይ፣ ፎቶ ላይ እንዳይወጣ። ለምን ትደብቁታላችሁ? ልጁ ተጠምቋል፣ በሜሮን ታትሟል፤ የእናንተ ጋብቻ መዘግየት የእርሱን ክርስትና አላዘገየውም።

ደግሞም እውነቱን እንነጋገር። ስንት እሑድ ልጃችሁን አቅፋችሁ እስከ ካህኑ አድርሳችሁ፣ እርሱ ሲቀበል እናንተ ባዶ አፋችሁን ተመልሳችኋል? ሕፃናት ከካህናቱ ቀጥለው ሲቀርቡ እናንተ ከኋላ ቆማችሁ አይታችኋል። በዚያ ቤት ውስጥ የቁርባንን መንገድ የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነበር። በዚያች ዕለት ልጁ ወደ ወላጆቹ ሠርግ መጣ ከማለት፣ ወላጆቹ ወደ ልጃቸው ማዕድ ደረሱ ማለት ይቀላል። እርሱን ከዚህ ማስቀረት አይገባም።

ለጠየቀችኝ እናት ልጅሽን ይዘሽ ነይ፣ ከሴቶች በር አጠገብ ቁሚ አልኳት። እናንተ ደግሞ በሠርግ ቅዳሴ ላይ ከሕፃን አጠገብ የምትቆሙ ሁሉ፣ ብስኩቱን ከቦርሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት እናቷን ጠይቁ።