ሐና የሚለው ስም

ሮቤ ወይም ጎባ ገበያ መሐል ቆማችሁ «ሐና!» ብትሉ የሚዞሩት ብዙ ናቸው። ትርጉሙስ? በዕብራይስጥ «ጸጋ» ማለት ነው። ግሪኮች ለዚህ የጉሮሮ ድምፅ ፊደል ስላልነበራቸው «አና» አሉት፤ ሩሲያውም ጣልያኑም እንዲሁ ይላል። ግእዛችን ግን ሐመሩን «ሐ» ጠብቆልናል፤ እንግዲህ የልደት ሰርተፊኬት ስታወጡ «ሀና» ተብሎ እንዳይጻፍባችሁ! የባሌ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የማርያምን እናት በዚሁ ስም ያውቋታል።

በጾም ወራት ግን ይበልጥ የምትቀርበን የፋኑኤል ልጅ ነቢይቷ ሐና ናት (ሉቃ. 2፥36-38)። በትዳር የኖረችው 7 ዓመት ብቻ ነው፤ ባሏ ሞተባት። ከዚያ በኋላ ሌት ተቀን በጾምና በጸሎት ቤተ መቅደስ ጸናች። ዕድሜዋን ስናነብ 84 እናገኛለን። ሕፃኑ ኢየሱስ ወደ መቅደስ በገባ ዕለትም እዚያው ነበረች።