የሳይንስ ትምህርት፦ የማንኪያው ልክ
(ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል፤ ወላጆችም አብራችሁ አንብቡት)

ባለፈው ሳምንት ከየቤታችሁ ያመጣችኋቸውን የሻይ ማንኪያዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ነበር። አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ጎድጓዳ፤ አንዱማ የወጥ ማንኪያ ነበር፤ ባለቤቱ ግን እስከ ዛሬ «የሻይ ነው» እያለ ይከራከራል። ጨው ሞልተን በጠርሙስ ክዳን ስንለካ፣ የተከመረው ማንኪያ በቢላዋ ጀርባ ከተስተካከለው እጥፍ ያህል ያዘ። ሳቃችሁ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም።

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚሞተው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅ ነው። ውሃ ብቻ ቢጠጣ የወጣውን ጨው አይተካለትም። ስኳር ሲጨመርበት ግን አንጀት ጨውንና ስኳርን አብሮ ይቀበላል፤ ውሃውም ተከትሎ ይገባል። ልኩ ይህ ነው፦ ተፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ፣ 6 የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ስኳር እና ግማሽ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ጨው።

ቢበዛስ? ቲማቲም ቆርጣችሁ ጨው ነስንሱበትና ትንሽ ጠብቁ። ሳህኑ ላይ ውሃ ታገኛላችሁ፤ ጨው ከቲማቲሙ ስቦ አወጣው። ስኳር ሲበዛም እንዲሁ ከሰውነት ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡም ይብሳል። ጨው ከበዛ ደግሞ ሕፃኑን ለከባድ አደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ቅመሱት፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ድፉት።

ይህ ዘዴ በትልቁ የተፈተነው እንደኛ ባለ ቦታ ነው። በ1971 (እ.ኤ.አ.) ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሕንድ ቦንጋዎን በተጠለሉበት ጊዜ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጦ በበርሜል አስቀመጠ፤ እናቶችና ዘመዶች በኩባያ እየቀዱ አጠጡ። ከመቶ ታማሚ 30 ያህል ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ። ያጠጡት ሰዎች ነርሶች አልነበሩም፤ ልክ የተነገራቸው ቤተሰቦች ናቸው።

ወላጆች፦ «ተቅማጥ ያለበት ልጅ ውሃ ከጠጣ ይብስበታል» የሚል ነገር በሰፈራችን እሰማለሁ። እኔም ልጅ ሳለሁ እናቴ ውሃ ከልክላኛለች፤ በፍቅር ነው፣ ግን ትክክል አልነበረም። ጡት የሚጠባ ይጥባ፣ የሚበላም ይብላ። ከክሊኒክ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ካለ እሱ ይቀድማል፤ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ በጥብጡት። ልጁ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመና መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካለበት ግን ቤት አታቆዩት፤ እያጠጣችሁ ወደ ክሊኒክ ሩጡ።

የቤት ሥራ፦ ቤታችሁ ያለው ጠርሙስ ስንት እንደሚይዝ አንብባችሁ ለ1 ሊትር ስንት ጊዜ እንደሚሞላ በደብተራችሁ ጻፉ። ማንኪያችሁንም ዓርብ መልሳችሁ አምጡ፤ የወጥ ማንኪያው ግን ይቅር።